የሞላሁት ከትራንስክሪፕቴ ጋር አልገጥም አለኝ፤ ማመልከቻዬ ይበላሻል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ደሴ የምኖር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ፎርም በሚያመለክቱበት ድረ ገጽ) ለአራት የአሜሪካ ኮሌጆች ማመልከቻዬን ልኬአለሁ። ሦስት ይቀሩኛል። ከላክሁ በኋላ እንደገና ሳነበው የማይገጥም ነገር በዝቶ አገኘሁት። ትራንስክሪፕቴ ላይ ልደቴ ዲሴምበር 25 ቀን 2007 ይላል፤ ፓስፖርቴ ደግሞ ጃንዋሪ 4 ቀን 2008። የአባቴ ስም በዱዎሊንጎ የእንግሊዝኛ ፈተናዬና በፓስፖርቴ ላይ በአንድ ፊደል ይለያያል። ደረጃዬን 1ኛ ብዬ ሞልቻለሁ፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ግን 5ኛ ብለው ነው የላኩት። ኤሴዬ (ስለ ራሴ የጻፍኩት ድርሰት) ላይ ሕፃናት ማስጠናት የጀመርኩት 9ኛ ክፍል ሳለሁ ነው ብያለሁ፤ ከክፍል ውጪ የምንሠራው በሚሞላበት አክቲቪቲው ላይ ግን ከ10ኛ ጀምሮ ሞላሁ። የአባቴ ገቢም በዶላር ሲሰላ ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ሆኗል። አጎቴ ከትራንስክሪፕቱ ጋር የሚገጥም አዲስ የልደት ሰርተፊኬት እናውጣ ይላል። ውሸታም ይሉኛል ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ዛሬ ተኚ። ከዘረዘርሻቸው ነገሮች እስካሁን ያበላሸብሽ አንድም የለም። ሊያበላሽብሽ የሚችለው የአጎትሽ ሐሳብ ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ትራንስክሪፕቱ ተሳስቷል፤ ፓስፖርትሽ ልክ ነው። ልክ የሆነውን ወደተሳሳተው ጎትተሽ ብታስማሚው ትንሽ የቀን ስህተት የነበረው ነገር ሐሰተኛ ሰነድ ይሆናል። ሰርተፊኬቱ ወጣ እንበል። ቀጥሎ ፓስፖርቱ ሊቀየር ነው። ከዚያ ፋይዳው። ከዚያ ቪዛ ስትጠይቂ ሁለት የልደት ቀን ያላት ልጅ ሆነሽ ትቀርቢያለሽ። አጎትሽ ክፉ አላሰበም። እኛ አገር ወረቀትና ወረቀት ካልገጠመ መስኮቱ ላይ «ሄደሽ አስተካክለሽ ነይ» እንደሚሉሽ ስለሚያውቅ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች አድሚሽን ክፍል (ማመልከቻ አይቶ ተማሪ የሚቀበለው) አሠራር ሌላ ነው። ልዩነቱ ምክንያት ካለው ምክንያቱን ሰምተው ያልፋሉ። የተሠራ ወረቀት ካገኙ ግን ነገሩ አለቀ። ኮመን አፕ ላይ ከመላክሽ በፊት የሞላሁት ሁሉ እውነት ነው ብለሽ ፈርመሻል። ያ ፊርማ ከተቀበሉሽ በኋላም ይሠራል፤ ትምህርት ጀምረሽ እንኳ ሊያስወጣሽ ይችላል።

አሁን ወደ ልደትሽ። ከሁለቱ ቀኖች ተነስቼ ስገምት የተወለድሽው ታኅሣሥ 25 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። ሪከርድ ክፍል ውስጥ የሆነውን ላሳይሽ። ታኅሣሥን «ዲሴምበር» አሉት። 25ን እንዳለ ተዉት። 2000 ላይ 7 ደመሩ። ዲሴምበር 25 ቀን 2007 ወጣ፤ የፈረንጆች የገና ቀን ላይ ወለዱሽ። ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ነሐሴ የተወለዱ ልጆች ብዙዎቹ አንድ ቦታ ላይ ይገጥማቸዋል።

ትክክለኛው አቆጣጠር እንዲህ ነው። በተለመደው ዓመት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7 ይደመራል። ታኅሣሥ 23 ላይ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ስለሚገቡ ከዚያ ወዲያ 8 ነው። 2000 ግን ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ከፊቱ የነበረችው ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት እንቁጣጣሽ ወደ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ገፋ። ሚሊኒየሙን ያከበርንበት ቀን ነው፤ ቤተሰቦችሽን ብትጠይቂ ያስታውሱታል። በዚያ ዓመት ገና እንኳ በ29 መዋሉ ቀርቶ በ28 ነው የዋለው። ጃንዋሪ 1 የገባውም ታኅሣሥ 22 ላይ ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ 25 ሲቆጠር ጃንዋሪ 4 ቀን 2008 ይሆናል። ፓስፖርትሽ ልክ ነው ያልኩሽ ለዚህ ነው። ነገ ደግሞ ጃንዋሪ 3 የሚል ወረቀት ብታገኚ አትደንግጪ። የዘመነ ዮሐንስን አንድ ቀን የረሳ ሰው ሞልቶት ነው።

ኮሌጁ ይህን ሁሉ ስሌት አይፈልግም። ከኢትዮጵያ የመጣ ፋይል ደጋግሞ ያነበበ ሰው ዘመን አቆጣጠራችን በ7 ወይም በ8 ዓመት እንደሚለይ ያውቃል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ከተቻለ ግን ምክትል ርዕሰ መምህሩን አንድ አጭር ደብዳቤ ለምኛቸው። «የተማሪዋ ልደት በእኛ መዝገብ ታኅሣሥ 25 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው የፈረንጅ ቀን ሲመነዘር የተፈጠረ ስህተት ነው» ብለው ማኅተም ያድርጉበት። ይህ እውነትን የሚናገር ወረቀት ነው። መዝገቡ ያለው እነሱ ጋ ስለሆነ ማረሚያውም ከእነሱ ይምጣ።

የልደት ቀንና ስም ላይ እንደዚህ የምጨነቀው በሌላ ምክንያት ነው። ትራንስክሪፕትሽ፣ የፈተና ውጤትሽ፣ የመምህራን ደብዳቤዎችሽ ለኮሌጁ የሚደርሱት ለየብቻቸው ነው። ወደ አንድ ፋይል የሚሰበስባቸው ስምሽ፣ የልደት ቀንሽና የማመልከቻ ቁጥርሽ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲዛባ ወረቀቱ ባለቤት አጥቶ ይቀመጣል። ፖርታል (ኮሌጁ የማመልከቻሽን ሁኔታ የሚያሳይሽ ገጽ) ላይ ውጤትሽ «አልደረሰንም» የሚል ካየሽ ማንም አልጠረጠረሽም። የመጣው የማን እንደሆነ አላወቁም፤ በቃ።

የአባትሽ ስም ነገርም እዚህ ውስጥ ይገባል። ለምሳሌ ብርሃኑን አንዱ በ«ኢ» ይጽፈዋል፣ ሌላው በ«አይ»። ቃልኪዳን በ«ኬ»ም በ«ኪው»ም ትጻፋለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ኮምፒዩተር ግን ሁለት ሰው ያደርጋቸዋል። ፓስፖርትሽ ላይ ያለው አጻጻፍ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ አጻጻፍ ነው፤ ባትወጂውም። ወደፊት የምትፈተኚው ፈተና፣ የምትከፍቺው አካውንት፣ የምትሞይው ፎርም ሁሉ እሱን ይከተል። ኮሌጅ ሲቀበልሽ የሚልክልሽ አይ-20፣ የተማሪ ቪዛ የምትጠይቂበት ቅጽ፣ ከፓስፖርትሽ ጋር መግጠም አለበት። ለዱዎሊንጎው ውጤት ደግሞ ፖርታሉን እዪ። «ደርሷል» የሚል ከሆነ ሥራው አልቋል፤ አትነካኪው። ካልደረሰ በመልእክትሽ ላይ አንድ መስመር ጨምሪ።

በነገራችን ላይ እናትሽ፣ አንቺና አባትሽ የየራሳችሁ «የመጨረሻ ስም» ያላችሁ መሆኑ አያስጨንቅሽ። አንዳንድ ልጆች ቤተሰብ ለመምሰል የእናታቸውን ስም በአባታቸው ስም ይሞላሉ። አታድርጊው። እናትሽ ፓስፖርቷ ወይም መታወቂያዋ ላይ በአያትሽ ስም ነው የምትጠራው፤ እንደዚያው ሙይው።

ከሁሉም በላይ ትኩረትሽን የምፈልገው ደረጃሽ ላይ ነው። አንቺ በአጭሩ አልፈሽዋል፤ ለእኔ ግን ከአምስቱ ከባዱ እሱ ነው። ሌሎቹ ልዩነቶች ከሌላው ተማሪ የተሻልሽ አያስመስሉሽም። ይኼኛው ግን አንቺን ከፍ የሚያደርግ ልዩነት ነው። 5ኛ የነበረች ልጅ 1ኛ ነኝ ብላለች ተብሎ ሊነበብ ይችላል።

የሆነውን መገመት አያቅትም። የሪፖርት ካርዳችን ላይ «ደረጃ» የሚለው የሴክሽን ደረጃ ነው። አንቺ 11ኛ ክፍል ላይ በሴክሽንሽ፣ 46 ተማሪ ባለበት እንበል፣ 1ኛ ወጣሽ። ካርዱ ላይ በቀይ እስክሪቢቶ ተጽፏል። እናትሽም ጎረቤትም የሚያውቀው ያንን ነው። ኮመን አፕ የሚጠይቀው ግን ከአንቺ ጋር አብረው ከሚመረቁት ሁሉ መካከል ያለሽን ቦታ ነው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ስድስቱንም ሴክሽን አንድ ላይ ደርድረው፣ 280 ተማሪ ይሁን፣ 5ኛ መሆንሽን አዩና ላኩ። እሳቸው ልክ ናቸው። አንቺም አልዋሸሽም። ጥያቄው እኛ ከለመድነው የተለየ ነው፤ ያ ብቻ ነው። ከ280 ልጅ 5ኛ መሆን ደግሞ በራሱ የሚያኮራ ነው። እንዲያውም ከ46 ውስጥ 1ኛ ከመሆን ይልቅ የአንባቢውን ዓይን የሚይዘው እሱ ነው።

ስለዚህ ይህ ይታረም። ለላክሽላቸው አራቱ በመልእክት፣ ለቀሩት ሦስቱ እዚያው ኮመን አፕ ላይ። እባክሽ ምክትል ርዕሰ መምህሩን «1ኛ አድርጉልኝ» ብለሽ እንዳትለምኚ። እምቢ ካሉሽ ትቀየሚያቸዋለሽ፤ እሺ ካሉሽ ደግሞ ሁለታችሁም ትዋሻላችሁ። ይህን የሚያነቡ ሌሎች ተማሪዎችም ልብ በሉ። ትምህርት ቤታችሁ በሴክሽን ብቻ ደረጃ የሚያወጣ ከሆነ ኮመን አፕ ላይ ደረጃ የለም የሚለውን ምረጡ። ጂፒኤም እንደዚያው ነው። ከመቶ የተሰጣችሁን አማካይ ራሳችሁ ወደ 4.0 አትቀይሩ። ትምህርት ቤቱ የሰጣችሁን፣ በተሰጣችሁ መልኩ ጻፉ።

ሕፃናት ማስጠናቱን በተመለከተ፣ ስገምት የጀመርሽው 9ኛን ጨርሰሽ ክረምቱን ነው። እንደዚያ ከሆነ ሁለቱም እውነት ነው። ክረምቱን አንዱ ወደ 9ኛ ያስጠጋዋል፣ ሌላው ወደ 10ኛ። ለአራቱ ኮሌጆች ስለዚህ አንድም ቃል አትጻፊ። የአድሚሽን ሰው ፋይልሽን የሚያነበው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። በአንድ እጁ ኤሴይ፣ በሌላው አክቲቪቲ ይዞ ክፍል የሚያመሳክር ሰው የለም። የሚያየው ልጅቷ ማን ናት፣ ምን ሠራች፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለውን ነው። ለሦስቱ ስትልኪ ከፈለግሽ 9ኛን ምልክት አድርጊበት፤ ካልፈለግሽም ተዪው።

አክቲቪቲ ላይ አንባቢን የሚያጠራጥረው ሌላ ነገር ነው። አሥሩንም ቦታ ሞልተሽ ከሆነ በሳምንት የጻፍሽውን ሰዓት በሙሉ ደምሪው። ትምህርት ቤት የምትውይበትን፣ የምታጠኚበትን፣ የምትተኚበትን ጨምሪበት። ድምሩ ከሳምንቱ 168 ሰዓት ካለፈ ወይም ከተጠጋ፣ ያኔ ነው «ይቺ ልጅ መቼ ነው የምትበላው?» የሚያስብለው። ልጆች ብዙ ጊዜ የሚያጋንኑት ለመዋሸት ብለው አይደለም። የሰንበት ትምህርት ቤቱን የበዓል ሰሞን ሰዓት ወስደው ለዓመቱ ሁሉ ይሞሉታል። ኮመን አፕ በሳምንት ስንት ሰዓትና በዓመት ስንት ሳምንት ብሎ ለየብቻ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። የትንሣኤን ሰሞን 20 ሰዓት በዓመት 4 ሳምንት ብለሽ ብትሞይው ምንም እንከን አይወጣልሽም።

አድሚሽን ክፍሎች በቁም ነገር የሚያሳድዱት የፈጠራ ታሪክን ነው። በፈረንጆች 2019 አሜሪካ ውስጥ የወጣውን ትልቁን ቅሌት ሳትሰሚው አትቀሪም፤ ቫርሲቲ ብሉዝ ይሉታል። ሀብታም ወላጆች ገንዘብ ከፍለው፣ ስፖርት ነክተው የማያውቁ ልጆቻቸውን ስፖርተኛ አስመስለው አስገቡ። የፈተና ውጤትም አስቀየሩ። ሰዎች ታሰሩበት። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም ከአመልካቾቹ መካከል የተወሰኑትን መርጦ ለጻፉት ነገር ማስረጃ ይጠይቃል። የሚጠይቀው «አድርጌያለሁ ያልሽውን ማድረግሽን አሳዪ» ብሎ ነው። አንቺ ልጆቹን አስጠንተሻል። የሚጠይቅ ቢመጣ የሚመሰክርልሽ አይጠፋም።

የአባትሽ ገቢ ላይ ትንሽ ጠንከር ልበል። ገንዘብ ነክ ወረቀት ከሌላው ሁሉ በላይ ይጣራል። ኮሌጁ ያየዋል፣ ቪዛ ስትጠይቂም ይታያል። ያንቺ ልዩነት ግን ምንጩ ግልጽ ይመስለኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደረገ። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 አለፈ። አባትሽ በወር 14,000 ብር ያገኛሉ እንበል። በዓመት 168,000 ብር ነው። በ57 ስትመነዝሪው 2,900 ዶላር ያልፋል። በ140 ስትመነዝሪው 1,200 ዶላር ነው። ብሩ አልተለወጠም፤ አባትሽም ምንም አልደበቁም። የመሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤ በድሮው ምንዛሪ ተጽፎ፣ አንቺ ደግሞ በአዲሱ ሞልተሽ ከሆነ የሚያነበው ሰው ከገቢው ግማሹ የት ሄደ ይላል።

መፍትሔው ብሩን መጻፍ ነው። በየትኛውም የገንዘብ ፎርም ላይ ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ ካለ ሦስት ነገር አስገቢ፦ ገቢው በብር ስንት እንደሆነ፣ በስንት እንደመነዘርሽው፣ የየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሆነ። ለገንዘብ ድጋፍ ክፍሉ የምትጽፊው መልእክት ከአድሚሽኑ የተለየ ይሁን፤ ብዙ ኮሌጅ ውስጥ ሁለቱ የተለያዩ ቢሮዎች ናቸው። አባትሽ ከደመወዙ ውጪ ከእርሻ ወይም ከኪራይ የሚያገኙት ካለ እሱንም ጻፊው። ትንሽ ነው ብለሽ አትተዪው። በኋላ የባንክ ስቴትመንት ላይ ሲወጣ ለማስረዳት ይከብዳል።

እንግዲህ መልእክቱ። ለእያንዳንዱ ኮሌጅ አንድ ጊዜ፣ በፖርታላቸው በኩል፣ ከአሥር መስመር ባልበለጠ። ፖርታሉ መልእክት የማይቀበል ከሆነ በአድሚሽን ክፍሉ ኢሜይል ላኪ። ይዘቱ ይህን ይምሰል፦

«ሙሉ ስሜ በፓስፖርቴ ላይ እንዳለው እንዲህ ነው፤ የኮመን አፕ ቁጥሬ ይህ ነው። በማመልከቻዬ ላይ ደረጃዬን 1ኛ ብዬ የሞላሁት በክፍሌ ካሉት 46 ተማሪዎች መካከል ያለኝን ነው። በአጠቃላይ ከ280 ተማሪዎች ያለኝ ደረጃ ትምህርት ቤቴ እንደላከው 5ኛ ነው። ትራንስክሪፕቴ ላይ ያለው የልደት ቀን ከኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሲመለስ ተሳስቷል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 4 ቀን 2008 ነው፤ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ አያይዣለሁ። አመሰግናለሁ።»

ይኸው ነው። «እጅግ በጣም ይቅርታ» አይግባበት። እንቅልፍ ማጣትሽን አትንገሪያቸው። ስለ ክረምቱና ስለ 9ኛ ክፍሉም እዚህ ውስጥ አታስገቢ። ማረሚያ ሲበዛ አንባቢው ያላየውን ስህተት ፍለጋ ይነሳል፤ ዋናው ነገርም ይጠፋል። ሁሉንም አሰባስበሽ አንዴ ላኪ። ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ፣ ከነገ ወዲያ አንድ ኢሜይል ከላክሽ ፋይልሽን የሚይዘው ሰው ይሰላቻል።

ለቀሩት ሦስቱ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። ኮመን አፕ ለአንዱ ከላክሽ በኋላም ላልላክሽላቸው ማስተካከል ይፈቅዳል። ከመላክሽ በፊት የሚወጣውን ፒዲኤፍ አውርጂ። ፓስፖርትሽን፣ ትራንስክሪፕትሽንና የአባትሽን የደመወዝ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ መስመር በመስመር አንብቢ። አንቺው ራስሽ አንብቢው። ፎርሙን ወንድም፣ ዘመድ ወይም ኢንተርኔት ቤት ያለ ልጅ የሞላልሽ ቦታ ካለ እዚያ ላይ ቆም በይ። የማታውቂው ክለብ አባል ተደርገሽ ልታገኚ ትችያለሽ፤ የሚያስጠይቀው ደግሞ አንቺን ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው ኤዱኬሽን ዩኤስኤ፣ የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ማማከሪያ፣ በነፃ ያማክራል። የደሴ ልጅ ብትሆኚም ከመላክሽ በፊት የምትጠይቂው ነገር ካለሽ ጻፊላቸው።

መልስ ካልሰጡኝስ እንደምትዪ አውቃለሁ። ብዙዎቹ አይመልሱም፤ ወይም «ደርሶናል» የሚል አውቶማቲክ መልስ ብቻ ይመጣል። ያ በቂ ነው፤ ደግመሽ አትጻፊ። የላክሽውን መልእክት ግን ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ በፒዲኤፍ አስቀምጪው። ተቀባይነት ካገኘሽ ሰኔ ወይም ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤትሽ የመጨረሻውን ትራንስክሪፕት ይልካል። ያኔ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ልደትሽን አስተካክለው እንዲልኩት ከአሁኑ አስታውሻቸው፤ ያ የቆየ ስህተት ተገልብጦ እንዳይመጣ። የቪዛ ፎርሙ ደግሞ «ሌላ ስም ተጠቅመሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። የአባትሽን ስም በዱዎሊንጎው አጻጻፍ እዚያ ላይ አስገቢው።